በማን ወጣ?

ማክሰኞ ማታ አራት ሰዓት ላይ አንድ ሻንጣ ይዤ ከአዲስ አበባ ወጣሁ። ወንድ ሆኜ ወንድ እንደምወድ በምሠራበት ጋዜጣ ቢሮ ታውቆ ነበር፤ አገራችን ላይ ይህ ያሳስራል። እናቴ ለአጭር ሥልጠና የምሄድ መስሏት ቆሎ ቋጠረችልኝ።

ለንደን ገብቼ ጥገኝነት አፕላይ ሳደርግ፣ በኢንተርቪው ላይ መርማሪው ወንድ እንደምወድ መቼ እንዳወቅሁ ጠየቀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጠያቂው እኔ ነበርኩና አመሌ አልለቀቀኝም፤ እሱስ ሴት እንደሚወድ መቼ እንዳወቀ መልሼ ጠየቅሁት። አስተርጓሚዋ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ የአገሬ ሴት፣ ተርጉመው ሲያበቁ ሳቃቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። መርማሪው አልሳቀም።

«እዚህ የምጠይቀው እኔ ነኝ» አለ።

ከልጅነቴ ጀምሮ እንደማውቀው፣ ማንም እንዳላስተማረኝ ነገርኩት። ከብዙ ወራት በኋላ ተፈቀደልኝ።

አሁን ብሪክስተን በሚባል የለንደን ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። የዚህ አገር ዝናብ ነጎድጓድ አያውቅም፤ ሳያስጠነቅቅ ይመጣል፣ ያካፋል፣ ወጉን ሳያደርስ ይሄዳል። ገበያው ውስጥ ቃሪያ አይጠፋም፣ ቢያቃጥልም አይሸትም። ይህን ሁሉ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ሌላ ነው። አገር ቤት ሰፈራችን ውስጥ ሳልፍ እናቶች «አረማመዱ ቁርጥ አያቱን፣ ሳቁ የእናቱ» ይሉኝ ነበር፤ ያኔ ያሰለቸኝ ነበር። እዚህ ባስ ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩን ነው የሚያየው። በማን እንደወጣሁ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም።

ባለፈው ወር እናቴ ደወለች። ወንድ እንደምወድ ወሬው ደርሷታል። እህቴን ለማጨት ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው፤ እንደ ወጉ ዘር ይቆጠራል። የአባቴ እህት ደግሞ በእኛ ወገን እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ በእናቱ ነው የወጣው እያለች ታወራለች። ሰርጉ በዚህ ሊቀር ይችላል።

«አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ አጣርተህ ንገረኝ» አለች። «ይወረሳል ወይስ ይለመዳል?»

ያነበብኩትን ነገርኳት። ተመራማሪዎች አብሮ የሚወለድ ነገር እንዳለበት ይናገራሉ፤ ይህ ነው የሚባል አንድ ጂን ግን አላገኙም። ከሰው እንደሚለመድ ወይም ከእናት አስተዳደግ እንደሚመጣ ያረጋገጠ የለም።

«ከእኔ ነው ማለት ነው?»

«ከማን እንደሆነ ማንም አያውቅም፣ እማዬ።»

በስልኩ ውስጥ የጎረቤት ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል። እንዳትዘጋው ብቻ ነበር የምፈልገው።

«እዚያ ለመድኩት በል» አለች በመጨረሻ። «እንግሊዝ ላይ ይለጠፍ። እንግሊዝ የምትድራት ልጅ የለቻትም።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ውሸት እንደሆነ ነገርኳት። ለመድኩት ብል ደግሞ ይተወዋ፣ ጠበል ይግባ፣ ይመለስ እንደሚሉ እሷም ታውቀዋለች። ተከራከረችኝ፤ እህትህን አስብ አለች። እያሰብኳትም ቃሌን መለወጥ አልቻልኩም።

«እሺ፣ ልጄ» ብላ ዘጋችው።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡ። የሆነውን እህቴንም ጎረቤታችንንም ለየብቻ ጠየቅሁ፤ የሁለቱ ቃል አንድ ነው። የአባቴ እህት ነገሩን እዚያው ሽማግሌዎቹ ፊት አነሳችው። እናቴ «ከመጣም ከእኔ ነው የመጣው» ብላ መለሰች። ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ተነስተው ወጡ። እስከ ዛሬ አልተመለሱም።