የጋሽ ፍሬን ቀኝ እግር

ጋሽ ፍሬን ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ እሱን ግን የሚያውቁት የቤቱ ሰዎችና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ሥራው መኪና መንዳት ማሠልጠን ነው። የማሠልጠኛ መኪና ከሌላው መኪና የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ በተማሪው እግር ሥር ካለው ፍሬን ሌላ በአሠልጣኙም እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለው። ሌሎቹ አሠልጣኞች ይህን ፔዳል የሚነኩት ነገሩ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ሲሆን ነው። ጋሽ ፍሬን ግን ድመት ሲሻገር ሳይሆን ድመቱ ለመሻገር ሲያስብ ይረግጣል።

መርገጡ መኪናው ውስጥ ቢቀር ደግ ነበር። አውቶቡስ ተሳፍሮም ይረግጣል። ቤቱ ተቀምጦ ከውጪ የጎማ ድምፅ ከሰማ የሳሎኑን ምንጣፍ ይረግጣል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ስብከቱ ወደ ሲኦል ሲያመራ ቀኝ እግሩ የፊቱን አግዳሚ ወንበር ገፋ ያደርጋል፤ እዚያ የሚቀመጡት ሴትዮ ዞር ዞር ብለው ሲያዩት ከርመው በመጨረሻ ቦታ ቀየሩ።

ጠዋት ከቤት ሲወጣማ ጉድ ነው። በሩን ይቆልፍና ጥቂት ሄዶ ይመለሳል፤ ገፍቶ ያየዋል። ምድጃው መጥፋቱን አይቷል፤ ግን ያየው ዛሬ ነው ወይስ ትናንት? እንደገና ይመለሳል። ልጁ ስልክ ካልደወለች አንድ ነገር ሆናለች፤ ከደወለችም አንድ ነገር ሆና ነው።

ጸሎቱም ያው ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ልጄን ጠብቃት። ዛሬ በድልድዩ በኩል ነው የምትሄደው። እዚያ ጋ ከባድ መኪና ይበዛል፤ ቀስ፣ ቀኙን በደንብ እይልኝ…» ለፈጣሪም ትምህርት ይሰጥ ነበር ማለት ነው። አሜን ካለ በኋላ ደግሞ የሰጠውን አደራ መልሶ ይቀበልና ቀኑን ሙሉ ራሱ ተሸክሞት ይውላል።

ሲፈጠር እንዲህ አልነበረም። ሚስቱ ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ከአልጋዋ አጠገብ ወንበር ስቦ፣ እጇን ይዞ ጠበቃት። ነርሶቹ «ሂድና ረፍ በል» ቢሉት አሻፈረኝ አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙቀቱና ድካሙ ተባብረው፣ እጇን እንደያዘ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። ሲነቃ እጇ ቀዝቅዟል። ለቀብር የመጣው ሰው ሁሉ «ምን ይደረግ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ሲለው ራሱን ይነቀንቃል፤ በልቡ ግን «የእኔ እንቅልፍ ነው» ይላል። ከዚያ ወዲህ ይህን ዓለም ደግፎ የያዘው የእሱ ንቃትና የእሱ ቀኝ እግር ሆነ።

ያለችው አንድ ልጅ ናት። ካርድ ክፍል የምትሠራበት ክሊኒክ የደም ናሙና የሚያመላልስ ሹፌር ፈለገ። ደመወዙ ይሻላል፤ እሷም ከካርድ አቧራ መገላገል ነበር ምኞቷ። አለቃዋ መንጃ ፈቃዷን እስክታመጣ ቦታውን ያዘላት። ማን ያሠልጥናት? ለሌላ አሠልጣኝ መስጠትማ የማይታሰብ ነው፤ አባቷ አሠለጠናት።

ተፈተነች፣ ወደቀች። ደግማ ተፈተነች፣ ወደቀች። ሁለቱም ጊዜ ጥፋቷ አንድ ነበር፤ መስቀለኛው መንገድ ላይ መቆም ሲገባት ጥሳ ገባች። በሁለተኛው ፈተና ፈታኙ የእጅ ፍሬኑን ስለሳበ ነው የተረፉት። ሰውዬው ፊቱ አመድ መስሎ ወረደና ወደ ጋሽ ፍሬን መጣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፤ ልጅቷ መሪ አያያዟ ጥሩ ነው፣ ማርሽ አቀያየሯም ጥሩ ነው። ፍሬን ግን በሕይወቷ ረግጣ የምታውቅ አይመስለኝም። እንዴት ነው ነገሩ?»

 የጋሽ ፍሬን ተማሪዎች ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ እንደሚወድቁ ማሠልጠኛው ውስጥ የማያውቅ የለም፤ እሱ ግን «የዘመኑ ልጆች ሐሳባቸው ስልክ ላይ ነው» እያለ ያልፈው ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። ከዚያ፦

«አባዬ፣ እኔ ፍሬን እንድረግጥ መቼ ፋታ ሰጥተኸኝ ታውቃለህ? እግሬን ሳነሳ አንተ ቀድመህ ረግጠሃል። ብቻዬን ስሆን መኪናው ራሱ የሚቆም ይመስለኛል።»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ለእኔ ብለህ ነው የጣልከኝ።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «አለቃዬ አንድ ዕድል ብቻ ነው የቀረሽ ብሎኛል። ከዚህ በኋላ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

እሑድ ከሰዓት ጋሽ ፍሬን ከሳሎን ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ሳሎን ሲመላለስ ዋለ። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ ወጥ ቤት ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። ምላሳቸው ከያዙት ቢላ የማይተናነስ ሴትዮ ናቸው።

«አንተ ሰው፣ ተቀመጥ። ወለሉን ቀደድከው እኮ!»

በሩ ላይ ቆመ። ይዞት የኖረው ነገር ድንገት አፉ ላይ መጣ። «እማማ፣ ያኔ… እሷ ስታልፍ እኔ ተኝቼ ነበር።»

አማቱ ቢላውን አስቀመጡ። «እሷ የማን ልጅ ናት?»

«የእርስዎ።»

«ታዲያ የሚከስህ ካለ እኔ ነኝ። ከስሼሃለሁ?»

«አልከሰሱኝም።»

«እንግዲያው ስማኝ። የማይተኛ አንድ አለ፤ እሱም አንተ አይደለህም። አንተ ስታንቀላፋ ልጄ ብቻዋን አልነበረችም። ይሄን ባላምን ኖሮ እኔ እናቷ እስከ ዛሬ አብጄ ነበር። አሁን አንተ ንገረኝ፤ ክርስቶስ እዚያ አልጋ አጠገብ አልነበረም ነው የምትለው? ወይስ ነበረ፣ ግን ያለ አንተ አይችልም?»

ጋሽ ፍሬን ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን እንባ ነው። በክንዱ ጠረገና «ሽንኩርቱ ነው» አለ።

«ሽንኩርቱ እኔ ጋ ነው፤ አንተ እዚያ በሩ ላይ ነህ» አሉት አማቱ፤ የእሳቸውም ዓይን ደህና አልነበረም።

ያን ቀን ሲጸልይ «ጌታ ሆይ፣ እኔ አልቻልኩም። ልጅቷም ያንተ ናት» አለ። ስለ ድልድዩ ሊያስረዳ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንደ መራራ መድኃኒት ዋጠው። ከዚያ በኋላ ሰላም እንደ ጎርፍ ሞላው ብል ውሸቴን ነው። በማግስቱ ጠዋትም ተመልሶ በሩን ገፍቶ አይቷል። ምድጃውን ግን ተወው።

የመጨረሻው ልምምድ ዕለት መኪናው ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ፣ የቀኝ ጫማውን ፈትቶ ወደ ኋላ ወንበር ወረወረው። እግሩን አጠፈና ተቀመጠበት።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለች ልጁ።

«ንጂ።»

«አባዬ፣ ሙሴ ነህ እንዴ?»

«ንጂ አልኩሽ እኮ!»

ነዳች። በየመታጠፊያው የተቀመጠበት እግር ልውጣ ልውጣ ይላል። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ከፊታቸው የጠርሙስ ሳጥን የጫነ የጭነት መኪና ይሄድ ነበር። የሸራው ገመድ ተበጠሰና ሸራው መንገድ ላይ ወደቀ፤ ሹፌሩ ድንገት ቆመ። ጋሽ ፍሬን እግሩን ከሥሩ መዘዘ። እግሩ ደንዝዟል፤ የማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ጉልበቱ ከፊቱ ካለው ዳሽቦርድ ጋር ተላተመ። የሳጥኖቹ ቁልል ገዝፎ መጣ።

«ጌታ ሆይ!» አለ። ቀስ፣ ቀኙን፣ እንዲህ፣ እንዲያ የሚለው ትምህርት ተከትሎ ሊወጣ ነበር፤ አልወጣም። ያለው ቃል ያ ብቻ ነበር፤ በቃም።

መኪናው ቆመ። በእነሱና በሳጥኖቹ መካከል ሰው ጎኑን አዙሮ ቢያልፍ ያልፋል። የጭነት መኪናው ሹፌር ሸራውን እየሰበሰበ በእጁ ይቅርታ ጠየቃቸው።

«እኔ ነኝ ያቆምኩት?» አለች ልጅቷ፣ እግሯን ከፍሬኑ ሳታነሳ።

«አንቺ ነሽ» አለ። ላብ አጥምቆታል። ግን ደስ አለው፤ ከሚስቱ ሞት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። የደነዘዘው እግሩ ግን እስከ ማሠልጠኛው ድረስ ነዘረው።

የፈተናው ዕለት ልጅቷ ከፈታኙ ጋር ከግቢው ስትወጣ ጋሽ ፍሬን አጥሩን ይዞ ቀረ። አሠልጣኞቹ «ዛሬ አጥሩን ነቅሎ ይሄዳል» ብለው ተሳሳቁበት። ከአጥሩ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ አጥሩ ሄደ። አሁን መስቀለኛው ጋ ደርሳለች። አሁን… ቀኝ እግሩ አፈሩን ረገጠ። አየውና አፈረ። ግንቡ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ሄዶ ተቀመጠ፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አስደገፈ። «ያንተ ናት ብያለሁ» አለ ቀስ ብሎ፤ «መልሼ እንዳልወስዳት ያዘኝ።» ፀሐዩ ደስ ይል ነበር።

ሲነቃ አንድ እጅ እጁን ይዞታል። ከዓይኑ በፊት ጣቶቹ ነቁ፤ ደንግጦ ባነነ፤ የመጣበትም ያው የድሮው ፍርሃት ነው። የያዘው እጅ ግን ሞቃት ነበር።

ልጁ ፊቱ ተንበርክካ ታየዋለች። እናቷ ካለፈች ጀምሮ አባቷን በቀን ተኝቶ አይታው አታውቅም።

«አባዬ፣ ተኝተህ ነበር?»

«ተኛሁ» አለ፤ ራሱም እየገረመው።

«እኔ እየተፈተንኩ?»

«አንቺ እየተፈተንሽ።»

ሳቋም ልቅሶዋም አንድ ላይ መጣ። የመኪናውን ቁልፍ አንስታ አሳየችው። «አለፍኩ! ና ግባ። ዛሬ ወደ ቤት የምወስድህ እኔ ነኝ» አለችው። ጋሽ ፍሬን ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ የፊተኛውን በር አልፎ የኋላውን ከፈተ።