የአባቴ የፕሮቲን ጾም

የምሠራበት ላብራቶሪ ቃሊቲ ነው። ሥራዬ ፕሮቲኖችን በመጠናቸው መለየት ሲሆን፣ መሣሪያዬም ትንሽ የመስታወት ቺፕ ናት። ቺፗ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ ቦይ አለ፤ እሱን ፖሊመር የሚባል ኬሚካል በሟሟበት ውሃ እሞላዋለሁ። ውሃው እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ትንንሾቹ ፕሮቲኖች ሾልከው ቶሎ ያልፋሉ፣ ትልልቆቹ እየተያዙ ይዘገያሉ። ያለፈው ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ጉብታ ይታያል። ፖሊመሩን አጣድፎ ማማሰል ግን አይቻልም። አንዲት የአየር አረፋ ቦዩ ውስጥ ከገባች የቀኑ ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የተባለው ለእኛ ይመስለኛል።

አባቴ አቃቂ ውስጥ በፋብሪካ ሠራተኝነት ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ወገቤን ማለት ከጀመረ ከርሟል። አንድ እሑድ ከምኖርበት ከኮዬ ፈጬ ልጠይቃቸው ስሄድ እናቴ ጓዳ ጠርታኝ ሽንቱ አረፋ እንደሚያበዛ ነገረችኝ። እሱን አስፈቅጄ በብልቃጥ ወሰድኩ። የጤነኛ ሰው ሽንት ሲሆን መስመሩ ዝርግ ነው ማለት ይቻላል። የአባቴ ግን ትንንሾቹ በሚያልፉበት ቦታ ላይ ጉብታ ሆኖ ቀጥ ብሎ ወጣ። ቺፗ ተበላሽታ ነው ብዬ ቀየርኳት፤ ያው ጉብታ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት። በራሳቸው መንገድ መርምረው የመቅኒ ካንሰር ነው አሉኝ። መድኃኒቱ እስኪገኝ ጠብቁ፣ እስከዚያው በደንብ ይብላ፣ አቅም ያስፈልገዋል ተባልኩ።

ካንሰር የሚለው ቃል ለእናቴ ሊወጣልኝ አልቻለም። "ሰውነቱ ፕሮቲን አብዝቶ በሽንቱ እየፈሰሰ ነው" አልኳት። ገባኝ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

በሚቀጥለው እሑድ ስመለስ ቤቱ ጾም ገብቷል። ፍልሰታ አይደል፣ ሁዳዴ አይደል። ሥጋና እንቁላል ቀርተዋል፤ ሽሮና ምስር እንኳ ፕሮቲን አላቸው ተብለው ከማዕድ ተነሥተዋል። አባቴ ጎመንና ድንች ይዞ ተቀምጧል።

"የበዛ ነገር ካልጨመሩበት ይጎድላል" አለች እናቴ።

"እማዬ፣ ከምግቡ አይደለም፤ መቅኒው ነው የሚሠራው። ሐኪሙም ይብላ ብሏል።"

"መቅኒውስ ከምን ይሠራዋል?"

ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ፕሮቲን ተምሬ በአንድ ጥያቄ አፌን ዘጋችው። ተናድጄ ድንቹን ላነሣ ስል አባቴ እጄን ያዘኝ።

"ተይ ልጄ" አለኝ። "ሰው ዝም ብሎ ተጋድሞ ከሚጠብቅ አንድ ነገር ቢያደርግ ምን አለበት?"

ሱሪው ከወገቡ እየወረደ በገመድ ማሰር ጀመረ። ሐኪም ቤት በደወልኩ ቁጥር መልሱ "ገና ነው" ነበር። አባቴን እንዲበላ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ዘመድ አስመከርኩት፤ ወይ ፍንክች። ከዚያ አንድ ቀን ራሱ ብልቃጡን ሞልቶ ሰጠኝ።

"እስቲ በዚያ ማሽንሽ እይልኝ። ወርዶ እንደሆነ።"

በዚያን ቀን፣ በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አረፋ እንዲገባ ተመኘሁ። አልገባም። ጉብታው ከበፊቱ ከፍ ብሎ ወጣ።

እሑድ እንቁላል ገዝቼ ሄድኩ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ የምለውን ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ወርዷል ብዬ ብዋሸው ጾሙ ሠራልኝ ብሎ ይገፋበታል። እውነቱን ብነግረው ግን ተስፋ ቆርጦም ቢሆን ይበላል አልኩ። እንቁላሉን ጠብሼ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

"ወረደ?" አለኝ።

"አልወረደም አባባ። ጨምሯል። ጾሙ ምንም አልጠቀመህም፣ በቃ ብላ።"

እናቴን በቆረጣ አየት አደረጋትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ባለፈው ከጓደኞቼ ጋር ወጥቼ ማኪያቶ ጠጥቻለሁ" አለኝ። "የጨመረው በዚያ ወተት ነው።"

ከዚያ የእንቁላሉን ሳህን ወደ እኔ ገፋው።