ፋሲል ግቢ የተገኙት አክስት

ወይዘሮ ዘይዳ ሞጣ ገበያ ላይ ጨርቅ እየሸጡ ነው ሁለት ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ባላቸው በጊዜ ስለሞቱባቸው ሱቁን ዘግተው ርቀው ሄደው አያውቁም፤ ቢርቁ ባሕር ዳር ነው፣ እሱም ዕቃ ለማምጣት። ወንዱ ልጃቸው ሙሐመድያሲን ጎንደር ሥራ ከያዘ ወዲህ ግን «እማዬ፣ ነይ ግንቡን ላሳይሽ» እያለ ነዘነዛቸው። በመጨረሻ ሴት ልጃቸውን ነጅዋንና የእሷን ሕፃን ይዘው ሄዱ።

በመንገድ ላይ የሚያስቡት ግን ስለ ግንቡ አልነበረም። ሙሐመድያሲን ሠላሳ ዓመት አልፎት ገና አላገባም። በስልክ ባነሱበት ቁጥር «ይደርሳል» ይላቸዋል።

ፋሲል ግቢ እንደገቡ ሕፃኑ ልብሱን አቆሸሸና ነጅዋ ልታጥበው ወሰደችው። ሙሐመድያሲንም «እማዬ፣ እዚህ ጥላ ሥር ቁጭ በይ፤ ውሃ ገዝቼ ልምጣ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼም ዛሬ ሊተዋወቁሽ ይመጣሉ» ብሎ ወጣ። የወይዘሮ ዘይዳ ስልክ ነጅዋ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ጥቂት ተቀምጠው፣ ፊት ለፊታቸው ባለው በር ገባ ብለው ለማየት ተነሡ። ከአንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው አለፉ። ጣሪያ የሌለው ክፍል ገቡ። በሌላ በር ሲወጡ ያ የተቀመጡበት ዛፍ የለም፤ ሌላ ግንብ ቆሟል። ሌላ ይሁን የቅድሙ ይሁን መለየት አቃታቸው። ተመልሰው ገብተው በሌላ በር ቢወጡ ጭራሽ ጠፋባቸው።

ግራ ገብቷቸው እንደቆሙ አንዲት ሂና የተቀባች፣ ዘንጣ የለበሰች ሴት መጥታ እጃቸውን ያዘች።

«ኧረ የት ገቡብን? ስንፈልግዎት ነው እኮ የቆየነው።»

የልጃቸው ጓደኛ መሰለቻቸው። «ልጄስ?» አሉ።

«ሁሉም እዚያ ነው። ሙሽራዋ ቆማ እየጠበቀችዎት ነው።»

ወይዘሮ ዘይዳ ክው አሉ። ለካ ያመጣኝ ለዚህ ኖሯል፣ አሉ በሆዳቸው። ለእናቱ ሳይነግር፣ ሽማግሌ ሳይልክ። ተናደዱ። ደስም አላቸው። የትኛው እንደሚበልጥ ሳያውቁት ሴትዮዋን ተከተሉ።

ነጭ የለበሰች ልጅ በሰው ተከብባ ግንቡ ደረጃ ሥር ቆማለች። ወይዘሮ ዘይዳን ስታይ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ያን ጊዜ ቅያሜያቸው ሁሉ ጠፋ። እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ረጅም ዱዓ አደረጉላት፤ የቆመው ሁሉ «አሚን» አለ። ፎቶም ተነሡ።

ቀጥሎ ሙሽራው ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። ቀና ሲል አዩት። ሙሐመድያሲን አይደለም።

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

ቀልድ መስሎት ሰዉ ሳቀ። «ሙሽራው ነኝ» አለ ልጁ አፍሮ።

«ታዲያ ልጄን የት አደረሳችሁት?»

ይሄኔ የሴትዮዋ ስልክ ጮኸ። እያዳመጠች ወይዘሮ ዘይዳን ደጋግማ አየቻቸው። የሚጠብቋቸው የሙሽራዋ አክስት ከደሴ መጥተው ገና መግቢያው ላይ ናቸው። ሙሽራዋ እናቷ ሞታባት እዚሁ ጎንደር ነው ያደገችው፤ አክስቷን ከሕፃንነቷ ወዲህ አይታቸው አታውቅም፤ ሴትዮዋም በመልክ አታውቃቸውም።

«እርስዎ ታዲያ ማን ነዎት?» አለች ሴትዮዋ።

«ዘይዳ ነኝ፣ ከሞጣ። የሙሐመድያሲን እናት።»

«የትኛው ሙሐመድያሲን?»

ደግነቱ ሙሐመድያሲን ራሱ እያለከለከ ደረሰ፤ ነጅዋም ልጇን አዝላ ከኋላው።

«አግብተሃል ወይስ አላገባህም?» አሉት ገና ሳይጠጋቸው።

«ማንን?»

የሰርጉ ሰዎች ነገሩ ሲገባቸው እየሳቁ ይቅርታ ጠየቁ። ሙሽራዋ ግን አልሳቀችም። የወይዘሮ ዘይዳን እጅ እንደያዘች፣ «ዱዓውን ብቻ እንዳይመልሱብኝ» አለቻቸው።

«የወጣ ዱዓ አይመለስም፣ ልጄ» አሉና ግንባሯን ስመው ተለዩ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ተቀይሜህ ነበር።»

«በምን?»

«ሳትነግረኝ አግብተህ።»

«እኮ አላገባሁም፣ እማዬ።»

«በሱም ተቀይሜሃለሁ።»

ሞጣ ተመልሰው ሱቃቸውን ሲከፍቱ፣ ጎረቤቶቻቸው ግንቡ ምን እንደሚመስል ጠየቋቸው። በሩ ብዙ ነው አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያወሩት ስለ ሙሽራዋ ነው። ስሟን ሳይጠይቁ መምጣታቸው እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል።