የጭራዋ ቁጣ

ክብሪት ነው የሚሏት። ለምን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ፣ የሰፋችለትን የሞተር ወንበር «ትንሽ ጠበበኝ» ብሎ ይሞክራት። «ወንበሩ ነው የጠበበው ወይስ አንተ ነህ የሰፋኸው?» ትለዋለች። ቆዳና ስፖንጅ በታጨቀባት ሱቋ ውስጥ ድምጿ ከስፌት መኪናዋ ይበልጣል። እናቷ «ይቺ ልጅ ሆዴ ውስጥ ሳለችም ትቆጣ ነበር» ይላሉ።

ይህች ሴት የሞተረኞች ማኅበራችን ጭራ ናት። ጭራ ከሁሉ ኋላ ይነዳል፤ የወደቀውን ያነሳል፣ የተበላሸበትን ይረዳል። አንድ ጊዜ ጥለነው የሄድነው ጓደኛችን ገደል ገብቶ ካደረ ወዲህ ደንብ አውጥተናል፦ ጭራ ካልታየ ማንም ወደፊት አይሄድም።

በዝናቡ ወቅት ተራራው ተንዶ መንገዱን ዘጋው። መኪና አያልፍም፤ ሞተር ግን በጥግ በጥጉ ይሾልካል። ከናዳው ማዶ ካለው ጤና ጣቢያ ተደወለልን፤ የአንድ ጡብ ሠሪን ሚስት እባብ ነድፏታል፣ የመርዙ ማርከሻ ግን እዚያ የለም። መሪያችን አናጢው መድኃኒቱን ከሆስፒታል ተቀብሎ በጀርባው አዘለና ተከታትለን ነጎድን።

ናዳውን እንዳለፍን የክብሪት ጎማ ፈነዳ። «ሂዱ! ሂዱ!» እያለች እጇን አወናጨፈች። እኛ ምን አደረግን? ደንብ ደንብ ነው ብለን ሁላችንም ተመለስን። አናጢውም መድኃኒቱን እንዳዘለ!

«ጋሼ፣ ጀርባህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለችው ቀስ ብላ። ክብሪት ቀስ ስትል ነው መፍራት።

«መድኃኒቱ።»

«እባቡ የነደፈው እኔን ነው?»

«ጭራን ጥሎ መሄድ እኮ...»

«ደንባችሁን እባብ ይንደፈው! ሴትዮዋ እዚያ ልትሞት ነው፣ እናንተ እዚህ ለጎማዬ ልቅሶ ልትደርሱ መጣችሁ?»

እውነቷን ነበር። ግን ያ ገደል ትዝ አለንና ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። አፈጠጠችብን። ከዚያ ያቺን ማንም እንዲነካት የማትፈልጋትን ሞተሯን ገፍታ ቁጥቋጦ ውስጥ ጣለቻትና ከአናጢው ኋላ ሞተሩ ላይ ፊጥ አለች።

«ይኸው ጭራችሁ! አሁን ደግሞ ማንን ትጠብቃላችሁ?»

እስክንደርስ ድረስ ስትሰድበን ነበር። ነፋሱ እኩሌታውን ባይወስድልን ጆሯችን ባልተረፈ።

ነርሷ መድኃኒቱን ነጥቃ ገባች። ጡብ ሠሪው በሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ የደረቀ ጭቃ ከጣቶቹ ይፍቃል። ክብሪት እሱንም ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ ፊቱን አየችና ዘጋችው። አጠገቡ ተቀመጠች።

በመጨረሻ ነርሷ ብቅ አለች። «ዓይኗን ገልጣለች። ውኃ ስጡኝ እያለች ነው።»

ጡብ ሠሪው የክብሪትን እጅ ይዞ ይስም ጀመር። «ኧረ ተው እንግዲህ!» ብላ መነጨቀችውና ወደ አናጢው ዞረች። ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ ደፍሮ የነገራት ግን የለም።

«አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ? ጎማ ፈልግልኝ እንጂ! ሁለተኛ መድኃኒት አዝለህ ወደ እኔ ብትመለስ፣ እባቡን ራሴ ይዤ ነው የማመጣልህ!»