አውራው ሞቷል ያልኩ ቀን

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ደባርቅ መምህር ሆኜ ስሠራ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ሰው በስልክ ጮክ ብሎ ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ግን ዛሬም ዞር ብዬ ማን እንዳለ አያለሁ።

በዚያን ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በቡይት ራስ መንገድ ላይ ባለው የአማቴ ጓሮ፣ ሁለት ቀፎ ንብ ነበረኝ። ቀፎዎቹን የሰጠኝ ጎንደር የሚኖረው የእርሻ ባለሙያ ወንድሜ ነው። ሜዳው በአበባ ተሸፍኖ ሳለ አንደኛው ቀፎ እየሳሳ ሄደ። ከፍቼ ባየው እንቁላል የለ፣ እጭ የለ። አውራው ሞቷል ማለት ነው። አውራ የምንለው እነ ወንድሜ ንግሥት የሚሏትን ነው፤ እሷ ከሌለች ንቡ ቀስ በቀስ ያልቃል።

ንብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። እኔ በዘጠና ሰባቱ ምርጫ የተቃዋሚዎች ታዛቢ ነበርኩ። ያን ዕለት ሰው ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ አየሁ። ማምሻውን የጣቢያችን ድምፅ ተቆጥሮ ሲነበብ ደስታው አሰከረኝና ውጤቱን ከደብተሬ በገነጠልኳት ወረቀት ላይ ገለበጥኩ። ወረቀቷን በሠርጋችን አልበም ውስጥ፣ ከአንድ ፎቶ ጀርባ ሸጎጥኳት። ልጅ ስወልድ አሳየዋለሁ እል ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ዛሬ ይነገራል፣ ነገ ይነገራል ስንል ከረምን። የመጨረሻው ውጤት ሲሰማ ያሰብነው አልሆነም። ደግሞ ጭራሽ ተስፋ አልቆረጥንም፤ ያሸነፉልንም ነበሩና። ደስ ይበለን ወይስ ይክፋን ሳናውቀው ፍርሃት ቀደመን። እገሌ ተጠራ፣ እገሌ ታሰረ የሚል ወሬ ከዳባት በኩል ይመጣ ጀመር። ሰው ከሰላምታ ያለፈ ወሬ ተወ።

ስልክ የምንደውለው ከአንድ ሱቅ ነበር። መስመሩ ስለማያሰማ ሁሉም ይጮሃል። እኔም ወንድሜን አገኘሁትና ጮህኩ።

«አውራው ሞቷል። ሞቷል ነው የምልህ!»

ወንድሜ መላውን ነገረኝ። እንቁላል ያለበትን የማር እንጀራ ከደህናው ቀፎ ወስጄ ባስገባላቸው ራሳቸው ሌላ አውራ ያሳድጋሉ። እንዳልረሳው እየደገምኩ ጮህኩ።

«ሌላ አውራ ያነግሣሉ? ራሳቸው? ስንት ቀን ይፈጃል? እሺ፣ እኔም ፈጠን ካላልኩ ንቡ በጥቅምት አለቀለት።»

ስልኩን ስዘጋ ሱቁ ጭጭ ብሏል። ስኳር ሊገዙ የቆሙ ሴትዮ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ባለሱቁ ንጹሑን ሚዛን ይወለውላል። የገዢው ፓርቲ የምርጫ ምልክት ንብ እንደነበረ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

ዞር ስል በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አንድ የቀበሌ ሹም ተቀምጧል። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆቹን አስተምሬአለሁ። ከተማው ጆሮ ጠቢ እያለ የሚፈራው ሰው ነው።

«መምህር» አለኝ ቀስ ብሎ። «ነገ ጧት ቢሮ ብቅ በል። ስለዚሁ ስላወራኸው ነገር የምጠይቅህ አለኝ።»

ምን ሊጠይቀኝ እንደሆነ ብጠይቀው ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ብዬ «እሺ» ብቻ አልኩ። ስለ ንብ ነው ያወራሁት ማለት ነበረብኝ። ግን ማን ያምነኛል? እኔም ሌላ ሰው ሲለው ብሰማ አላምንም።

ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

«ምነው፣ ፊትህ አመድ መስሏል» አለችኝ ባለቤቴ ያለምዘውድ። ነገርኳት። ከዚያ አልበሙን አወረድኩና ወረቀቷን አወጣሁ።

«ማን ወረቀት ጠየቀህ?» አለች። «እስቲ ቆይ።»

«ቤቱን ቢፈትሹስ?»

ከወጡ ድስት ሥር ከተትኳት። ለመቃጠል ጊዜም አልፈጀባት። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ፤ እኔም ከእሳቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ተረፍኩ እያልኩ ተነፈስኩ።

በማግስቱ እስር ቤት ብርድ ነው ሲሉ ስለሰማሁ ሁለት ሱሪ ደርቤ፣ በሹራቤ ላይ ጋቢ ለብሼ ሄድኩ። ያለምዘውድ ቆሎ በፌስታል ቋጥራልኛለች። ሹሙ አስገባኝና በሩን ዘጋ። ከመሳቢያው ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። ላብ ጀርባዬን ያጥበው ጀመር።

«ትናንት ያልከውን እስቲ አንድ ባንድ ንገረኝ።»

«የቱን?» አልኩ።

«አውራው ሞቷል ያልከውን ነዋ።»

«ጌታዬ፣ ስለ ንብ ነው። እመብርሃን ምስክሬ ናት። ቀፎ አለኝ፣ አማቴን ይጠይቋቸው።»

«ታዲያ ስለ ምን ሊሆን ኖሯል?» አለ ግራ እየገባው። «የኔም ሞቶብኛል እኮ። ወንድምህ ያለህን ልጽፈው ነው። እንጀራውን በየት በኩል ነው የሚያስገቡት?»

ዓይኑ ፌስታሉ ላይ አረፈ። ከዚያ ጋቢዬን አየ። ፊቱ ጠቆረ።

«ስንቅ ይዘህ ነው የመጣኸው?»

ፌስታሉን ወደ ጋቢዬ ውስጥ ሳብኩት። እሱም እስክሪብቶውን አነሳ። እኔ ነገርኩት፣ እሱ ጻፈ። ሲሸኘኝ ቀና ብሎ አላየኝም።

ያለምዘውድ ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። አልበሙ ግን ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነበር። ሳየው ሳቄ ተቋረጠ።

በጥቅምት መጨረሻ ከገበያ ስመለስ አንድ መሪጌታ አስቆሙኝ። ከደረስጌ መጥተው ደባርቅ ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ፣ በእኛ ጣቢያ የመረጡ ሽማግሌ ናቸው። ቆጠራው እስኪያልቅ ደጅ ቆመው ስለነበር ወረቀቷን ስጽፍ በመስኮት አይተውኛል።

«መምህር፣ ልጄ፣ ያች የጻፍካት አለች?»

«አለች፣ መሪጌታ።»

«በል እንዳትጥላት። እዚህ አንድ ይወራል፣ እዚያ ሌላ ይወራል፤ ማንን እንደማምን ቸግሮኛል። እሷ ግን ፊቴ የተቆጠረች ናት። የኔም አንዲቷ እዚያ ውስጥ አለች።»

መርቀውኝ ሄዱ።

ያን ሹም አልቀየመውም፤ ከእኔ የወሰደው የንብ ምክር ብቻ ነው። የምቀየመው ራሴን ነው። ብዙ ሰው በፍርሃት የሠራውን ተገድጄ ነው ይላል። እኔን ግን ማንም አላስገደደኝም፤ እንዲያውም ሚስቴ ቆይ ብላኝ ነበር። ይህን ከእሷ በቀር ለማንም ስናገር ይኸው የመጀመሪያዬ ነው።

መሪጌታ ካረፉ ቆይቷል። በሕይወት ሳሉ ባገኙኝ ቁጥር «አለች?» ይሉኝ ነበር። እኔም እስከ መጨረሻው «አለች» አልኳቸው።