ጀርባው የለሰለሰ ሜዳሊያ

አባባ የምንላቸው አያቴ፣ ቆራሌው ኮልፌ ሰፈራችን ሲደርስ ከበር ላይ ያስቆሙት ነበር። ከቁርጥራጭ ብረቱ መሃል የድሮ ወታደሮች የመልካም ጠባይ ሜዳሊያ ይፈልጋሉ። የጀግንነቱን ቢያገኙም አይነኩትም። «ጀግንነት በአንድ ቀን ይገኛል፤ ይኼ ግን ለዓመታት ቅጣት ላልነካው ሰው ነው የሚሰጠው» ይላሉ። ከዚያ ጀርባውን ይገለብጣሉ። በሸሚዝ ታሽቶ ከለሰለሰ፣ «ይኼንን ባለቤቱ ወዶት ነው ያደረገው» ብለው ፈገግ ይላሉ።

አባባ በተቀበሩ በወሩ ቆራሌው መጣ። «ለአባባ ያስቀመጥኳት ናት» ብሎ አንዲት ሜዳሊያ ሰጠኝ። ገለበጥኳት፤ ጀርባዋ ሙልጭ ብሏል።

«አባባ፣ ይቺንማ ይዩልኝ!» ብዬ ወደ ሳሎን ተጣራሁ።

ቆራሌው መሞታቸውን አልሰማም ነበርና፣ በር ላይ ቆሞ አብሮኝ ጠበቃቸው።