የዘርፌ ወገብ

የሺዓለም የፒያሳን ሴቶች ወገብ በቁጥር ታውቃለች። ከሰፈሩ ፈረሳ በተረፈ አንድ አሮጌ ፎቅ ስር ሃያ ሁለት ዓመት ቀሚስ ሰፍታለች። ማን ስንት እንደወፈረች ባል ሳያውቅ እሷ ታውቃለች፤ አውቃም አትናገርም።

ከጎኗ ደብተርና እስክሪብቶ የምትሸጠው ዘርፌ አብሮ አደጓ ናት። እሪ በከንቱ ሰፈር አብረው አደጉ፣ አብረው ወፈሩ፣ በዚያም ተስማምተው ኖሩ። ዘንድሮ ግን ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ዘርፌ ብቻዋን ቀጠነች። ቀሚሷ ሰፋት፤ አላፊ አግዳሚው ዞር እያለ ያያት ጀመር።

“ምን በልተሽ ነው አንቺ?” አለቻት የሺዓለም፣ ጥርሷ እየሳቀ አንጀቷ እያረረ።

“ጥቁር ቸኮሌት። ወተት የለበትም፣ የጾም ነው። ስብ ያቃጥላል ይላሉ” አለች ዘርፌ፣ ፊቷን አዙራ።

የሺዓለም በማግስቱ ገዛች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግማሹን ከሽሮዋ በፊት፣ ግማሹን ከሽሮዋ በኋላ ትገምጠው ጀመር። ይመራል፤ መድኃኒት ደግሞ መቼ ጣፍጦ ያውቃል? በሁለት ሳምንት ውስጥ የራሷ ቀሚስ አልዘጋ አላት። አንድ ዓይነት በልተው አንዷ ስትቀልጥ ሌላዋ ስታብጥ፣ እርር ድብን አለች። ማን አይልም? እኔም እል ነበር።

በዚህ መሀል ዘርፌ ለእህቷ ልጅ ሰርግ ጨርቅ ይዛ መጣች። ሰርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። ወገቧ ሲለካ ሰባ አራት ሆነ። የሺዓለም ሰባ አራት ብላ ጻፈችና ስትሰፋው ሰባ አደረገችው። ትርፉን ጨርቅ አልቆረጠችም፣ ወደ ውስጥ አጠፈችው። አንድ ቀን እንኳ “ወፈርኩ” ብላ ትደንግጥልኝ፣ ከዚያ እለቅላታለሁ፤ ሐሳቧ ይኸው ነበር።

በሕማማት ማክሰኞ ዘርፌ ልትሞክረው መጣች። ዚፑ ወገቧ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። የሺዓለም ድንጋጤውን ጠበቀች። ዘርፌ ግን ሕማማት መሆኑን ረስታ ዘላ ሳመቻት።

“ወፈርኩ! የሺዬ፣ ወፈርኩ እኮ!”

“ይኼ ደግሞ ምኑ ያስደስታል?”

“ደብቄሽ ነው። የእንቅርት ዕጢዬ ከልክ በላይ ይሠራል አሉኝ። ሰውነቴ የበላሁትን ሁሉ ያቃጥለዋል። ቸኮሌቱንም የምበላው እንድወፍር ነበር። ጾም ነው፣ ቅቤ የለ፤ ስብ ያለው እሱ ነው ብዬ። ሐኪሙማ ‘ቸኮሌት ዕጢ አያድንም፣ ኪኒንሽን ዋጪ’ ብሎ ሳቀብኝ። አንቺን የዋሸሁሽ ሰፈር እንዳይሰማ ነው።” እንባዋን ጠረገች። “አሁንማ ዳንኩ! የነገውን ቀጠሮም አልሄድም፣ ኪኒኑም ይብቃኝ።”

የሺዓለም ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። ቀሚሱን ለቀቅ አድርጋ መስጠት ብቻ ነው። ግን ሜትሩን አነሳችና የዘርፌን ወገብ እንደገና ለካች።

“ሰባ ሁለት” አለች። “ጭራሽ ቀንሰሻል። ነገ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን። ቀሚሱን ያጠበብኩት እኔ ነኝ።”

“ለምን?”

“ቀንቼብሽ።”

ዘርፌ በግድግዳው መስታወት የጎደጎደ ጉንጯን፣ የወጣ የአንገቷን አጥንት አየች፤ ከዚያ ወደ ጓደኛዋ ዞረች።

“በምኔ?” አለቻት።